«ግማሹ ቤንዚን የት ገባ?» ብለው ለጠየቁት ክቡር ሰብሳቢያችን

ሮተርዳም፣ ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም. (በዚህ አገር ሰዎች አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2014)

ለክቡር ወንድም አሳምነው
በዴን ሃግ የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ጉባኤ የንብረትና የመጓጓዣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዞተርሜር

ግልባጭ፦ ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለቫይበር ቡድናችን፣ እንዲሁም ባለፈው እሑድ ዞረው ላዩኝ ስልሳ ሦስት ምእመናን በሙሉ

እጅግ የማከብርዎ ወንድም አሳምነው፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የመላው ኮሚቴዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን የሚያምዎ ነገር ተሻለዎት? የኅዳር ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወገቤ ደህና ነው፣ ስኳሬም ደህና ነው፣ የታመመው ስሜ ብቻ ነው። ሕመሙ የጀመረው ባለፈው እሑድ ከስብከቱ በኋላ ከቡራኬው በፊት፣ እርስዎ ለማስታወቂያ ወደ ማይክሮፎኑ በወጡበት ሰዓት መሆኑን ሐኪም ሳያስፈልገኝ አውቄዋለሁ።

ያን ቀን ላልነበሩ ወገኖች ጉዳዩን ላስረዳ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። አዳራሻቸውን ከሚያከራዩን የደች ምእመናን አንዱ አዛውንት ባለፈው ግንቦት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ መኪናቸውን ለጉባኤያችን ሰጡን። የ1996 ሞዴል፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት የሆነ፣ በጊዜዋ ሚኒስትር ቢሳፈርባት የማታሳፍር የቤት መኪና ናት። ከአረማመዷ የተነሣ «ወይዘሮዋ» ብለን ስም አወጣንላት። ልምድ አለው ተብዬም ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከሮተርዳም ከጸሐፊያችን ከእህት ፀዲ ጋር እነሣለሁ፣ ስኪዳም እማማ ሽታዬን፣ ዞተርሜር እርስዎንና ባለቤትዎን አሳፍሬ ዴን ሃግ አዳራሹ ደጅ አደርሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላም በዚያው መንገድ እመልሳለሁ። ፀዲ የተቀዳውን ሊትርና የተሄደውን ኪሎሜትር በደብተር ትጽፋለች። ደመወዝ የለውም፣ ፈልጌም አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ታዲያ እርስዎ የፀዲን ደብተር በአንድ እጅዎ፣ የመኪናዋን መጽሐፍ በሌላው እጅዎ ይዘው ወጡና፣ «መጽሐፉ በሊትር ዐሥራ ሁለት ኪሎሜትር ትሄዳለች ይላል፤ በወንድም አስራት እጅ ግን የሄደችው ስድስት ነው፤ ግማሹ ቤንዚን የት እንደ ገባ ጌታና ወንድም አስራት ያውቃሉ» አሉ። ጌታን በምስክርነት ከእኔ ጋር ስለ ጠሩልኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ጓደኛ አላገኝም ነበር። ስልሳ ሦስት ራስ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ያን ጊዜ የወይዘሮዋን ቁልፍ በጣቴ እያሽከረከርኩ ነበር፤ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ኪሴ ከተትኩት፣ ኪሴ መክተቴም ሌላ ጥርጣሬ አስነሣ መሰለኝ አንዳንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻም ቁልፉን ስለ መመለሴ በመጪው እሑድ ድምፅ እንዲሰጥ፣ እስከዚያው ድረስ የነዳጅ ክዳኗ በቁልፍ እንዲከረቸም ተወሰነ። ቡራኬው የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለእኔ ግን ብዙም አልደረሰኝም።

እንግዲህ አቤቱታዬንና ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጥር አመራረጥዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። መጽሐፉን እኔም ገልጬ አየሁት፤ በገጹ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ነው። በከተማ ውስጥ ስድስት፣ ከከተማ ውጪ ዐሥራ ሁለት፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ዘጠኝ ይላል። ኮሚቴው ከሦስቱ «ከከተማ ውጪ» የሚለውን ለምን እንደ መረጠ ፀዲን ብጠይቃት፣ እርስዎ ለእኔ በማዘን መሆኑን ነገረችኝ። «ከከተማ ውጪ ማለት ፒስታ ነው፣ ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፤ ለወንድማችን ከባዱን መንገድ እናስብለት፤ በዚያ ላይ ዐሥራ ሁለት ከሄደች በአስፋልትማ ዐሥራ አምስትም በሄደች» ብለው አስረዱ፣ ኮሚቴውም አንድ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ አሉ። ስለ ርኅራኄዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድም አሳምነው፣ በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ ከዞተርሜር እስከ ዴን ሃግ አንድ ዳገት አይተው ከሆነ ቦታውን ይንገሩኝና ሄጄ ፎቶ ልነሣበት። እዚህ ከከተማ ውጪ ማለት እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አውራ ጎዳና ነው፤ ቤንዚን የሚጨርሰው ከተማው ነው፣ መብራቱ፣ ትራሙና ከየት መጣ የማይባለው ብስክሌቱ።

በዚህ ስሕተት ብዙም ልፈርድብዎ አልደፍርም፤ እኔም «ከከተማ ውጪ» ሲባል ፊቴ ላይ የሚመጣው የሚሌ አቧራ ነው። ልዩነታችን እኔ በዚያ አቧራ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአሰብ አዲስ አበባ ቦቴ መንዳቴ ነው። በየጉዞው ሠላሳ ሺህ ሊትር ነዳጅ ከኋላዬ እየጎተትኩ ስመላለስ «ጠብታ ጎደለ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ባሕር በእጄ አሳልፌ፣ አሁን በሃምሳ አምስት ዓመቴ በአንዲት ወይዘሮ ሆድ ላይ ጎማ ሰክቼ ቤንዚን ልምጠጥ? ምን ሆኜ? ወይ ጉድ!

«ይሁን፣ ድብልቁን እንውሰድ፤ ያም ዘጠኝ ነው፣ አንተ የሄድከው ስድስት፣ የጎደለው ሦስትስ?» ይሉኝ ይሆናል። እሺ፤ ሦስቱን ደግሞ አንድ በአንድ ላሳይዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስንብት። የመጽሐፉ ቁጥር የተለካው መኪናዋ ቤት ውስጥ፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆማ፣ ነፋስ ሳይነካት አንድ ባለሙያ እየነዳት ነው። ያ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማንም በር ላይ ቆሞ «እንዴ፣ ሳትገባ?» አይለውም። የእኛ ደንብ ግን ሌላ መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ሰውን ደጁ አድርሼ ሞተር ካጠፋሁ ልግባ ማለቴ ነው፤ ልግባ ካልኩ ልብላ ማለቴ ነው። በሰኔ ወር አንድ እሑድ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ በየደጁ ሞተር አጠፋሁና፣ ዞተርሜር እርስዎ ቤት በላሁ፣ ስኪዳም እማማ ሽታዬ ዘንድ በላሁ፣ ሮተርዳም ስደርስ የፀዲ እናት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በማግስቱ ስኳሬን የለካችልኝ ነርስ ምን እንደ በላሁ ስትጠይቀኝ «ቤንዚን ስቆጥብ ነው» ብል አልገባትም። ከዚያ ወዲህ ሞተር አላጠፋም፤ የሚሠራ ሞተር በጨዋ ደንብ «ቸኩያለሁ፣ አትቀየሙኝ» ማለት ነውና።

የሁሉም ስንብት ያው ቢሆንም የእርስዎ ግን ማዕረግ አለው። ሰው ሲሰናበት ወይ ይወርዳል ወይ ይቀመጣል፤ እርስዎ በሩን ከፍተው፣ አንድ እግርዎን መሬት ላይ፣ አንድ እግርዎን ምንጣፉ ላይ አድርገው ስለ አዳራሹ ኪራይ ይጀምራሉ፣ ወደ አጎትዎ ልጅ ሠርግ ይሻገራሉ፣ ስለ ጉልበትዎ ይነግሩኛል፣ ከዚያም «በል እንግዲህ» ይላሉ። «በል እንግዲህ» መሰነባበቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መግቢያው ነው። በጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ሰዓቴን አይቼ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ቆጥሬአለሁ። ባለቤትዎ ሁለት ጊዜ ወጥተው ጠሩዎት፤ በሁለተኛው ጨዋታው እሳቸውንም ጣማቸውና ቆሙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወይዘሮዋ አንዲት ሜትር አልተንቀሳቀሰችም፤ ማሞቂያዋ ግን በተከፈተው በር የዞተርሜርን ሰማይ በትጋት ያሞቅ ነበር። ያን ቀን የተቃጠለው ቤንዚን ደብተሩ ላይ በእኔ ስም ነው የተጻፈው።

ሦስተኛ፣ ስለ አየር ጠባይ። ወይዘሮዋ የድሮ ሀብታም ቤት ያደገች ስለሆነች ግራ ጎኗን ለብቻ፣ ቀኝ ጎኗን ለብቻ ታሞቃለች ታቀዘቅዛለች። እማማ ሽታዬ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከእኔ ኋላ በግራ በኩል ይቀመጣሉ፣ ብርድ ይፈራሉ፤ ስለዚህ ግራው ሃያ ስምንት ዲግሪ ነው። እርስዎ ከጎኔ በቀኝ ይቀመጣሉ፣ ጌታ የባረከዎት ሰው ስለሆኑ ይሞቅዎታል፤ ስለዚህ ቀኙ ዐሥራ ስድስት ነው። እኔ መሐል ላይ ሆኜ ግራ ትከሻዬን እያላበኝ ቀኝ ትከሻዬን እያስነጠሰኝ እነዳለሁ። አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ ምድጃም ማቀዝቀዣም ሲሆን ከየት አምጥቶ ነው በሊትር ዐሥራ ሁለት የሚሄደው? ይህን ማንም በአንድ ጊዜ ልብስ ያጠበና ምግብ ያበሰለ ሰው ያውቀዋል፣ የምጣኔ ሀብት ዲግሪ አይጠይቅም።

አራተኛ፣ ስለ ጭነት አጭር ነገር ብቻ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከሐምሌ ጀምሮ የመዘምራኑ ሁለት ስፒከር፣ ዐሥራ አራት የብረት ታጣፊ ወንበር፣ የአጎትዎ ልጅ ሠርግ የተሠራበት ድስት እስከነክዳኑና አንድ ጆንያ ጤፍ አሉ። ባለቤቶቹ መጥተው እንዲወስዱት በማይክሮፎኑ ይነገርልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ማስታወቂያ በዝቷል ተባልኩ። ለእኔ ማስታወቂያ ግን ቦታ ተገኘ።

አምስተኛ፣ የነዳጅ ክዳኑን ቁልፍ ስላስገቡልን ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሰኞ ዕለት ቤንዚን ማለቂያው ሆነና፣ ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ ከሮተርዳም ዞተርሜር ድረስ ያለችውን ቤንዚን አቃጥዬ ቤንዚን ለመቅዳት መጣሁ። በቤት ነጠላ ጫማዎ ወጥተው አብረውኝ ማደያ ድረስ ሄዱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ቀዳሁ፣ ዘጉ፣ ቁልፉን ኪስዎ ከተቱ። ቤትዎ ደጅ መለስኩዎት። «በል እንግዲህ» አሉኝ። ሃያ አንድ ደቂቃ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ሌባን ለመጠበቅ የወጣው ቤንዚን ሌባው ሊሰርቀው ከሚችለው በለጠ።

እስከዚህ ድረስ ስቄ ላልፈው አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። ማክሰኞ ግን እማማ ሽታዬ ደወሉልኝ። «አስራት ልጄ፣ ሳስበው ሳስበው ቤንዚኑን የጨረስኩት እኔ ነኝ መሰለኝ፤ እኔ ባይበርደኝ ይሄ ሁሉ ስድብ አይመጣብህም ነበር። ከእንግዲህ በትራም እመጣለሁ፣ የመሳፈሪያ ካርዱን ማሽኑ ላይ እንዴት እንደሚያስነኩት ብቻ አሳየኝ» አሉኝ። ሁለት ጉልበታቸውን የተቀየሩ፣ በሕይወታቸው ብቻቸውን ትራም ተሳፍረው የማያውቁ ሴት ናቸው። ስልሳ ሦስት ሰው ከተቀመጠበት አዳራሽ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያለ አንድ ሰው ቢኖር ምንም ያላጠፉት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ሌባ ስባል ያላለቀስኩት ሰውዬ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያም ተናደድኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኛ ደግሞ ዳውላውን መትተን አሮጊቷን አስለቀስን።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ወይዘሮዋን ራሷን ልጠይቃት ቆረጥኩ። የክዳኑ ቁልፍ ብቻውን እንዳይጓዝ ፈርተው ከእህት ፀዲ ጋር ስለ ላኩልኝ አመሰግንዎታለሁ፤ ከዚያ የበለጠ የታመነ ምስክር አላገኝም ነበር። ስፒከሩን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ጤፉን አውርጄ ሳሎኔ ውስጥ ደረደርኩ፤ እስካሁንም እየዘለልኩ ነው የማልፈው። ማደያ ሄደን እስከ አፏ ሞላናት፣ ፀዲ ቆለፈች። ከሮተርዳም አምስተርዳም ኖርድ ደርሰን ልንመለስ ተነሣን፤ መሄጃው ሰማንያ፣ መመለሻው ሰማንያ ኪሎሜትር። ማሞቂያ የለም፣ ማቀዝቀዣ የለም፣ ሬዲዮ እንኳን የለም። በሰዓት ዘጠና ብቻ እየነዳሁ ስሄድ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሁሉ ጡሩንባ እየነፉብኝ አለፉ፤ እኔ የአሰብ ቦቴ ነጂው! ቻልኩት፤ ስም ከመቃብር በላይ ነው።

ላይደን ሳንደርስ ፀዲ ካፖርቷን እስከ አፍንጫዋ ቆለፈች። ከላይደን በኋላ «ጋሽ አስራት፣ በቃ አምኜዎታለሁ፣ ማሞቂያውን ይክፈቱልኝ» አለች። «የአንቺ ማመን ደብተር ላይ አይጻፍም» አልኳት። አምስተርዳም ኖርድ የአክስቷ ልጅ በር ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ በመስኮት ሰላም አስባልኳትና ሳልቆም ዞርኩ፤ ለዚህ ጭካኔዬ እህቶቼን ሁለቱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ፀዲ እስካሁን አኩርፋኛለች። ተመልሰን በዚያው ማደያ እስከ አፏ ስንሞላት የገባው ዐሥራ ሦስት ሊትር ተኩል ነው። መቶ ስልሳውን ኪሎሜትር ለዐሥራ ሦስት ተኩል ያካፍሉት፤ ዐሥራ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ይኸው ፀዲ በብርድ በደነዘዘ እጇ ጽፋ ፈርማበታለች፣ ጽሑፉ ቢንቀጠቀጥም ቁጥሩ ይነበባል።

ክቡር ወንድም አሳምነው፣ እንግዲህ መጽሐፉም አልዋሸም፣ ወይዘሮዋም አልዋሸችም፣ እኔም አልሰረቅሁም። ወይዘሮዋ መጽሐፏ እንደሚለው የምትሄደው እኛ በሌለንባት ጊዜ ነው። የጎደለው ቤንዚን የት ገባ ላሉት መልሱ አጭር ነው፤ ፍቅራችን ውስጥ ገባ፣ ብርዳችን ውስጥ ገባ፣ ማንም በማይወስደው ድስት ውስጥ ገባ፣ አብዛኛው ግን «በል እንግዲህ» ውስጥ ገባ። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፤ ለዚህ ካልሆነ መኪናው ለምን ተሰጠን? ቅር ያለኝ የሁላችንም ሙቀት በእኔ ስም ሌብነት ሆኖ መጻፉ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የእሑዱን ድምፅ ይተዉት። ስሜ በዚያ ማይክሮፎን ነው የወደቀው፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው ሰዓት፣ ከስብከቱ በኋላ ከቡራኬው በፊት ይነሣልኝ። በአዳራሹ ጓዳ ሻይ እየጠጣን ትከሻዬን መታ አድርገው «እርሳው በቃ» ቢሉኝ አልሰማዎትም። የወደቀው በስልሳ ሦስት ሰው ፊት ነው፤ የሚነሣውም በስልሳ ሦስት ሰው ፊት ነው። ለማስታወቂያው ደቂቃ ካነሰ ከስንብትዎ ላይ ቀንሰው ይጠቀሙበት፣ ብዙ ይተርፍዎታል።

ዕድሜና ጤና፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለኮሚቴዎ ጥሩ የማንበቢያ መነጽር እየተመኘሁ፣ በሃያ ስምንት ዲግሪ የግራ ወገን ሙቀትና በዐሥራ ስድስት ዲግሪ የቀኝ ወገን አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

እስከ እሑድ ድረስ የወይዘሮዋ ሹፌር፣
የቀድሞ የቦቴ ነጂ፣
በወንጌላውያን ዘንድ በመጠጥ የተጠረጠረ፣ ያውም በቤንዚን፣
ታናሽ ወንድምዎ አስራት

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ወይዘሮዋ በሊትር ዐሥራ ሁለት ትሂድ ስላለ ለመጪው እሑድ ትእዛዙን በታማኝነት እፈጽማለሁ። መጽሐፉ በልኬቱ ጊዜ ባዶዋን መኪና ከመቶ ኪሎ በላይ አያስጭናትም። እኔ ልብሴን ለብሼ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነኝ። እማማ ሽታዬ ከነጋቢያቸው፣ ከነምርኩዛቸውና ከነመጽሐፍ ቅዱሳቸው አርባ ሦስት ናቸው፤ ትናንት ቤታቸው ሄጄ ሚዛን ላይ አቁሜያቸዋለሁ፣ ስቀው ሊሞቱ። ፀዲ እንደሆነች አኩርፋ በባቡር ልትመጣ ነው፤ መቶው ሞልቷል። ስለዚህ እርስዎና ባለቤትዎ ከዞተርሜር በትራም እንድትመጡ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ፤ ትራሙ «በል እንግዲህ» ሲሉት እንደማይቆም ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። ማሞቂያውን ለእማማ ሽታዬ እስከ መጨረሻው እከፍትላቸዋለሁ። በእሱ የሚጎድለውን ቤንዚን ደብተሩ ላይ አስራት ጠጣው ብለው ይጻፉ፤ እሱን በእርግጥ ጠጥቼዋለሁ።